መሐሉ የጠፋ ጫካ

ከመተማ ተነስቶ ወደ አብደራፊ በሚዘልቀው ቆላ፣ ማረሻና ትራክተር ባልደረሰባቸው ቦታዎች ላይ ዋልያ መቀር ይበቅላል። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ሲቆም የሞተ ይመስላል፤ ልጡ በስሱ እየተላጠ ይንጠለጠላል። ለማዕጠንትም ለቡናም የምናጨሰው ነጭ ዕጣን የሚገኘው ከዚህ ዛፍ ነው።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲደላደል ጎንበስ ብሎ መሬት መሬቱን ላየ ሰው የዚህ ዛፍ ቡቃያ ብርቅ አይሆንበትም። ቀና ካለም ግንዳቸው የወፈረ፣ የዕጣን አድማቾች ጠባሳ የተደረደረባቸው ትልልቆች አሉ። የማይገኘው በሁለቱ መካከል መኖር የነበረበት ነው፤ ከጉልበት ያለፈ፣ ክንድ ያከለ፣ ገና ለዕጣን ያልደረሰ ጎረምሳ ዛፍ። ሽማግሌውና ቡቃያው አሉ፣ መሐሉ የለም። ተመራማሪዎች ይህን ክፍተት ካስተዋሉ ቆይተዋል። ለምን እንደተፈጠረ ለማወቅ የሄዱበት መንገድ ግን ጠመዝማዛ ነበር፤ መጨረሻውም ማንም ወዳልጠበቀው የሒሳብ ጥያቄ አመጣቸው። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ መሬት ላይ የተከለ ሰው መቼ ነው «ዛፍ አበዛሁ» ማለት የሚችለው? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ብረቱ ነበር። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ እስከ ክረምት ዋዜማ፣ አድማቹ በሹል ብረት ልጡን በትንሽ በትንሹ ይፍቃል። ነጭ ወተት መሳይ ፈሳሽ ይወጣና እየደረቀ ይንጠለጠላል። ከሁለት ሳምንት ግድም በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፣ ቁስሉንም ትንሽ ያሰፋዋል። እንዲህ እያለ በአንድ በጋ ደጋግሞ ይመላለሳል። ዛፉ በዚያን ጊዜ ቅጠል ስለሌለው ምግብ አይሠራም፤ ያለውን ከማውጣት በቀር ምርጫ የለውም።

በ2006 ቶን ራይከርስ፣ ወልደሥላሴ ዑቕባዝጊ፣ ማሪዩስ ቬሰልና ፍራንስ ቦንገርስ ኤርትራ ውስጥ ያደረጉትን ጥናት ይፋ ሲያደርጉ ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ። ካልተነካ ጫካ የተለቀመ ዘር ከመቶ 80 በላይ ሲበቅል፣ አጥብቆ ከሚደማ ጫካ የተለቀመው ግን ከመቶ 16 እንኳ አልሞላም። ዛፉ ለዘሩ የሚሰጠውን ለዕጣን አስረክቧል ማለት ነው። ማስረጃው ጥሩ ነበር፣ ታሪኩም ለማመን የቀለለ ነበር። ማድማት ይቁም፣ ጫካው ያገግማል የሚለው መፍትሔ ከዚያ ተነስቶ በየስብሰባው ይነገር ጀመር።

ነገሩ የተገለበጠው መተማ ላይ ነው። አበጀ እሸቴ ለዶክትሬት ሥራው፣ ፒተር ኽሩነንዳይክም ከእነ ቦንገርስ ጋር፣ በ12 የጫካ መሬቶች ላይ ያሉ ዛፎችን እያንዳንዳቸውን ምልክት አድርገው ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። ከመሬቶቹ አንዳንዶቹ ይደማሉ፣ አንዳንዶቹ አይነኩም። የበቀለውን፣ የሞተውን፣ የወፈረውን መዘገቡ። በ2012 የታተመው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። በዚያው ከቀጠለ ዛፉ በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ 90 ይጠፋል፣ የዕጣኑ ምርትም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ከቁጥሩ ይልቅ ሐሳብ የሚያስለውጠው ግን ያልተነካው ጫካም አብሮ እየቀነሰ መገኘቱ ነው። ብረት ያላረፈበት ዛፍም ልጅ አላሳደገም።

ታዲያ ዘሩ ነው እንዳይባል መተማ ላይ ቡቃያው ሞልቷል። ይበቅላል፣ በክረምቱ ጥቂት ቅጠል ያወጣል። በጋ ሲመጣ ከላይ ያለው ይደርቃል፣ ከአፈር በታች ያለው ወፈር ያለ ሥር ብቻ ይተርፋል። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ከኅዳር በኋላ ሣሩ ሲደርቅ እሳት ይለቀቃል፤ እሳቱ ያለፈውን ደግሞ ከደጋ ወርዶ የሚግጠው ከብትና ፍየሉ ይጨርሰዋል። ቡቃያው አይሞትም ይሆናል፤ ግን አያድግም። ትልልቆቹ በበኩላቸው ግንዳቸውን በሚቦረቡር ጥንዚዛ፣ በእሳትና በነፋስ በየዓመቱ ይጎድላሉ።

ክፍተቱ መቼ እንደጀመረ የነገሩን ዛፎቹ ራሳቸው ናቸው። ዋልያ መቀር በክረምት አድጎ በበጋ ስለሚቆም ግንዱ ውስጥ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይሠራል። ሞቱማ ቶለራና ባልደረቦቹ መተማ ውስጥ ለምለም ተራራ ከተባለው ቦታ የወሰዱትን ግንድ ቀለበት በቀለበት ቆጥረው በ2013 ያወጡት ጽሑፍ፣ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት አዲስ ዛፍ ለቁም ነገር እንዳልበቃ አሳየ። ዛሬ የምናጨሰው ዕጣን አያቶቻችን ወጣት ሳሉ ከበቀሉ ዛፎች የሚፈስ ነው። በ2019 ቦንገርስና ብዙ ባልደረቦቹ ምርመራውን አስፍተው 23 ቦታዎች ላይ 21,786 ዛፎችን መረመሩ። ከቦታዎቹ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ወጣት ዛፍ የለም። ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል ብለው ደመደሙ።

እንግዲህ ሥራው ዘርን ማብዛት ካልሆነ፣ ቡቃያው የሚታነቅባቸውን ዓመታት መዝለል ነው። በቁርጥራጭ ማባዛት ወደ መድረኩ የገባው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቆላ ገበሬ ከዋልያ መቀር ወገን የሆነውን አንቋን ቅርንጫፉን እየቆረጠ አጥር ሲያደርግ ኖሯል፤ አጥሩ ያቆጠቁጣል፣ ዛፍ ይሆናል። ከዘር የወጣ ቡቃያ ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ሲጀምር፣ ወፍራምና ረጅም ቅርንጫፍ ግን ከፍየል አፍና ከሣር እሳት በላይ ሆኖ ሊጀምር ይችላል። ዛፉ በአንድ ቀን ትከሻ ያበቅላል።

ኪንደያ ገብረ ሕይወት፣ ሙሉጌታ ለምንህና ቦንገርስ ከባልደረባቸው ጋር በ2011 ያሳተሙት ሙከራ ይህን መንገድ በሥርዓቱ ፈተነው። ቅጠል የሌላቸውን ቅርንጫፎች በተለያየ ጊዜ ቆረጡ፣ በተለያየ መጠን አዘጋጁ፣ ተከሉ። ቅርንጫፉ የተቆረጠበት ጊዜም ሆነ መጠኑ ውጤቱን እንደሚለውጡ አረጋገጡ። ለሩቅ አንባቢ ይህ ቀላል ግኝት ይመስላል። ወደ ውስጥ ለገባበት ግን አስቸጋሪው ክፍል ገና መጀመሩ ነው፤ «ውጤት» የተባለው የትኛው ቀን ላይ ቆመን የቆጠርነው ነው?

እንበልና 100 ቁራጭ ሰኔ ላይ ተተከለ። ሐምሌ ላይ ስንሄድ 80ው አቆጥቁጧል፣ ቅጠሉ ያምራል። ሪፖርቱ ከመቶ 80 ተብሎ ይጻፋል፣ ፎቶም ይነሳል። ነገር ግን ያ ቅጠል ከእናቱ የያዘውን ስንቅ እየበላ ነው። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ በውስጡ ያከማቸው ስታርች አለ፤ እርጥበት ሲያገኝ እምቡጡን በዚያ ይመግባል። ሥር ይኑረው አይኑረው ቅጠሉ አይናገርም። ሥር ካላወጣ ቅጠሉ ውኃ በመጠጣት ፈንታ ያለችውን ያተናል፤ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም ስንቁም ውኃውም አብረው ያልቃሉ። ኅዳር ላይ ተመልሶ የቆጠረ ሰው ከ80ው ምን ያህሉን እንደሚያገኝ አስቡት። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው ወር ቅጠሉ የረገፈውን ሁሉ ሞተ ብሎ የሚሰርዝ ቆጣሪም ይሳሳታል፤ ዋልያ መቀር በበጋ ቅጠል ማርገፉ የጤናው ነው። አንዱ ቆጣሪ የሌለውን ይጨምራል፣ ሌላው ያለውን ይሰርዛል።

እየነቀሉ ሥሩን ማየት ይቻላል፤ ግን የተነቀለው ቁራጭ ከሒሳቡ ወጣ። ስለዚህ ደህና ሙከራ የሚሠራ ሰው ከመጀመሪያው ለመንቀል የሚሆኑትን ለይቶ ያስቀምጣል፣ የቀሩትን ሳይነካ ይጠብቃል። እስከ መቼ? የእኔ ፍርድ ቢጠየቅ፣ በዚህ ቆላ ከሁለተኛው በጋ በፊት የተሰጠ የጽድቀት ቁጥር ግምት እንጂ ቁጥር አይደለም። የመጀመሪያውን ክረምት በስንቅ ማለፍ ይቻላል። የመጀመሪያውን በጋ በዕድል ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛውን ግንቦት ከ40 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ቆሞ ያለፈና ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቆጠ ግን ሥር አለው።

ከአተካከሉ ዝርዝር ሁለት ሦስት ነገር እዚህ ልጨምር፣ ብዙ ሙከራ የሚበላሸው በእነዚህ ነውና። ቁራጩ ላይና ታቹ እንዳይገለበጥ ምልክት ያስፈልገዋል፤ ሥር የሚያስወጣው ሆርሞን ከጫፍ ወደ ግንድ ስለሚወርድ የተገለበጠ ቁራጭ ግራ ይጋባል። ሙጫ የሚያፈስ ዛፍ ሲቆረጥ ቁስሉ ጥላ ላይ ደረቅ እስኪል መጠበቅ የተለመደ ነው፤ እርጥብ ቁስል ወዲያው ክረምት አፈር ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል። አፈሩም ራሱ ፈታኝ ነው። መተማና አብደራፊ ሜዳው ላይ ዋልካ ነው፤ ሐምሌ ላይ ውኃ ይቋጥራል፣ ታኅሣሥ ላይ ይሰነጠቅና ገና የበቀለውን ሥር ይበጥሳል። ዛፉ ራሱ ድንጋያማ ተዳፋት የሚመርጠው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከ100 ቁራጭ ስንት ጸደቀ የሚለው ጥያቄ ብቻውን ቢጠየቅ፣ መልሱ ሁልጊዜ ወፍራሙን ቅርንጫፍ ያሸልማል። ስንቁ ብዙ ነው፣ ከእሳት ከፍ ይላል። ግን አንድ ዋልያ መቀር እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ስንት አለው? ጥቂት። ያንን የሰጠ እናት ዛፍ የሚቀጥለውን ክረምት በጎደለ ቅጠል ያሳልፋል፣ ዕጣኑም ይቀንሳል። ቀጭን ቅርንጫፍ ግን ከአንዱ ዛፍ ብዙ ይወጣል፣ እናቲቱንም ብዙ አይጎዳም። እንግዲህ እንበል፣ ከወፍራሞቹ 4 ተቆርጠው 3 ቢጸድቁ ጽድቀቱ ከመቶ 75 ነው። ከቀጫጭኖቹ 20 ተቆርጠው 5 ቢጸድቁ ከመቶ 25 ብቻ ነው። በመቶኛ የሚቆጥር ሰው የመጀመሪያውን ያደንቃል። በእናት ዛፍ የሚቆጥር ግን ሁለተኛው ሁለት ዛፍ እንደሚበልጥ ያያል። በጉልበት ሠራተኛ ቀን፣ በሚፈጀው የውኃ በርሜል፣ በአጥሩ ወጪ ሲቆጠር ደግሞ ሚዛኑ እንደገና ሊዞር ይችላል። ከሙከራው በፊት አካፋዩን ያልተናገረ ተመራማሪ በኋላ የሚስማማውን ይመርጣል፤ ሰው ነውና።

ለዚህ ጥያቄ ዓለም መልስ ሠርቶለታል፤ ግን ለሌላ ዛፍ። ብራዚል ውስጥ አራክሩዝ የተባለው ድርጅት የእኛ ደገኛ ገበሬ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ባሕር ዛፍ ከተመረጡ እናቶች በቁርጥራጭ አብዝቶ ሰፋፊ ደን ተክሎበታል፤ የሠሩት ባለሙያዎች በ1984 የማርከስ ዋለንበርግ ሽልማትን አግኝተዋል። እንዲህ ባለው ሥራ እናት ተክሎቹ ለመቆረጥ ብቻ ይተከላሉ። ከአንዲት እናት ስንት ቁራጭ፣ ከቁራጩ ስንት ሥር፣ ከሥሩ ስንት ኪዩቢክ ሜትር እንጨት እየተባለ ሰንሰለቱ እስከ መጨረሻው ይቆጠራል። እንግሊዛዊው ሮጀር ሊኪና ባልደረቦቹም መብራትና ቧንቧ ለሌለበት የሐሩር አገር ችግኝ ጣቢያ የሚሆን ሣጥን ፈጥረዋል፤ ከታች ጠጠርና ውኃ፣ ከላይ አሸዋ፣ ዙሪያውን ላስቲክ። ቅጠል ያለው ለስላሳ ቁራጭ ሳይጠወልግ ሥር ያወጣበታል።

አገር ቤትም ፕሮፌሰር ለገሰ ነጋሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት አለ። ጽድን በቁርጥራጭ የማባዛት ውጤታቸውን በ2002፣ የወይራን በ2003 አሳትመዋል። የአገር በቀል ዛፎቻችን ችግር ዘራቸው አስቸጋሪ መሆኑ ነው ሲባል በነበረበት ዘመን፣ ከግንዱም መጀመር ይቻላል ብለው ያሳዩ ሰው ናቸው። በእኔ አስተያየት ሥራቸው የሚገባውን ያህል ወደ ችግኝ ጣቢያ አልወረደም። እኛ የተተከለ መቁጠር ይቀናናል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሲታወጅ ቁጥሩን ያልሰማ አልነበረም። የዚያው ችግኝ የጽድቀት ቁጥር ግን እንዲህ በየቤቱ አልተወራም።

ወደ ዋልያ መቀር ስንመለስ ከብራዚሉ ሰንሰለት የሚጎድል አንድ ቀለበት አለ፤ ለመቆረጥ ብቻ የተተከለ እናት ዛፍ የለም። ቅርንጫፉ የሚመጣው ዕጣን ከሚደማው ከዚያው ከሽማግሌው ዛፍ ነው። ተፈራ መንግሥቱና ባልደረቦቹ ማድማት ዛፉ በውስጡ የሚያከማቸውን ስታርችና ስኳር እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ግኝቱ የተነሳው ስለ ዛፉ ጤና ነበር፤ ለቁርጥራጭ ግን የሚለው ብዙ ነው። ቁራጩ እስከ ሥሩ ድረስ የሚኖረው በዚያ ክምችት ከሆነ፣ ስምንት ዘጠኝ ዙር ከደማ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ገና ሲነሳ ስንቁ ጎዶሎ ነው። የመቁረጫው ወቅት ደግሞ ቅጠል ከመፈንዳቱ በፊት ያለው የበጋ መጨረሻ ነው፤ አድማቹ የመጨረሻ ዙሮቹን የሚያካሂድበት ጊዜ። ሁለቱ ሥራዎች ከአንድ ጎተራ፣ በአንድ ወር ይጨልፋሉ።

ስለዚህ ብረቱ፣ መተማ ላይ ከጥርጣሬ ግማሽ የወጣው ብረት፣ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። ቡቃያው እንዳያድግ ያደረገው እሱ አልነበረም። ቡቃያውን ለመዝለል የቀረውን መንገድ ግን ሊያጠበው ይችላል።

አብደራፊን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሰሊጥና በካላ አዛር በሽታ ዜና ነው። በክረምት ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ በየእርሻ ካምፑ ይሰፍራል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ኅዳር ግድም ይመለሳል። ሰሊጥ ሰኔ ሐምሌ ተዘርቶ ጥቅምት ላይ ገንዘብ ይሆናል። ታተቅ ደጀኔ፣ ሙሉጌታና ቦንገርስ በ2013 የዕጣን ጫካን ከእርሻ ጋር በገቢ ያወዳደሩት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚህ ቆላ ዛፉ የሚወዳደረው ከሌላ ዛፍ ጋር ሳይሆን ከሰሊጥ ጋር ነው። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ለብረት የሚደርስ ዛፍ «ምርታማነቱ» በመቶኛ ጽድቀት ብቻ ከተነገረ ባለ ትራክተሩን አያቆመውም። በኪሎ ዕጣን፣ በሄክታር፣ በዓመት ተባዝቶ መነገር አለበት፤ ከእናት ዛፉ የተቀነሰውም ከዚያው ላይ ተቀንሶ።

ቀጣዩ ሙከራ ውድ አይደለም። ሁለት ወገን እናት ዛፎች ይመረጣሉ፤ አንደኛው ወገን በዚያ በጋ እንዲያርፍ ይተዋል፣ ሁለተኛው እንደ ልማዱ ይደማል። ከሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ርዝመትና ውፍረት ቅርንጫፍ ይቆረጣል፤ ቁስሉ ይደርቃል፤ ተዳፋቱ ላይ ጎን ለጎን ይተከላል፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል፤ ሣሩ ከኅዳር በፊት ይታጨዳል። ሐምሌ ላይ የወጣው ቅጠል ይመዘገባል እንጂ አይታወጅም። ቆጠራው የሚደረገው ሁለተኛው በጋ አልፎ ዝናብ ሲጥል ነው። መጋዝ፣ ገመድና አጥር የትም ይገኛል። መዝገቡን መያዝ ያለበት ግን ከአጨዳ በኋላ የማይሄድ ሰው ነው፤ ማለትም ተመራማሪውም የሰሊጥ ሠራተኛውም ሳይሆን እዚያው የሚከርም የጫካው ነዋሪ። እሱ ደግሞ የሚያርፉት ዛፎች ያስቀሩበት ዕጣን በገንዘብ ካልተተካለት በግንቦት አጋማሽ ብረቱን ይዞ ወደ እነሱ መሄዱ አይቀርም።